አባባ ታሪካቸውን በ11 ደቂቃ ጨረሱት

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። አባቴ 79 ዓመታቸው ነው፤ በ1959 ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተቀጥረው በመካኒክነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ውጭ አገር ያሉት ወንድሞቼ "አባባ ሳይደክሙ ታሪካቸውን ቅጂልን" ብለው ስለወተወቱኝ፣ በፋሲካ ማግስት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ሳሎን ውስጥ ስልኬን ደቅኜ "በሉ አባባ፣ ታሪክዎን ይንገሩን" አልኳቸው። ተስተካክለው ተቀመጡና ለዕድር ሪፖርት የሚያቀርቡ ይመስል ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የተቀጠሩበትን ዓመት ተናግረው በ11 ደቂቃ ጨረሱ። እሱም ቢሆን እናቴ ከጓዳ "ኧረ በዚያ ዓመት አይደለም!" እያለች፣ ነፋሱ በሩን እየደበደበ፣ መሃል ላይ ስልክ ተደውሎ እየተቋረጠ ነው። ቡና ላይ ሲጫወቱ ግን አይጠገቡም። ምን ዓይነት መቅጃ ልግዛ? እንዴትስ ላናግራቸው? ሌላም አለ፤ በ1970 ከቤት እንደወጣ የቀረ ታላቅ ወንድም ነበራቸው፤ ስሙ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። ልጠይቃቸው ወይስ ልተወው? አንዱ ወንድሜ ደግሞ የምቀዳውን ሁሉ ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው ይላል።

መልስ፦ እህታችን፣ ለጊዜው ምንም መቅጃ አትግዢ። የዚያን ቀን ነገር የተበላሸው በመሣሪያ አይደለም። በበዓል ማግስት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከቧቸው፣ ስልክ ፊታቸው ተደቅኖ "ታሪክዎን ይንገሩን" የተባሉ አዛውንት ሌላ ምን ይላሉ? አባትሽ የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል፤ የተጠየቁት ሪፖርት ነበር። ቡና ላይ የማይጠገቡት ማንም "ታሪክ" ስለማይጠይቃቸው ነው። እንግዲህ ያንቺ ሥራ ያንን የቡና ላይ ጨዋታ ጸጥ ወዳለ ክፍል ማዛወር ነው፤ ቀሪው ዝርዝር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ስቶሪኮርፕስ የሚባል ድርጅት አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የመቅጃ ክፍል ከፍቶ ነው የጀመረው። ጋዜጠኛ አያመጣም፤ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው 40 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ያው ይቀዳል። ከዚህ የምትወስጂው ሁለቱን ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ፣ ጊዜውም 40 ደቂቃ ግፋ ቢል አንድ ሰዓት። በዚህ ዕድሜ ከዚያ በላይ ሲሄድ ድምፃቸው ይሰልላል፣ መልሱም ያጥራል። አንድ ቀን ሙሉ ከመቀመጥ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ስድስት ሳምንት ይሻላል። በመሃሉም የረሱት ትዝ እያላቸው "ያን ዕለት ያልነገርኩሽ" ብለው ራሳቸው ይመጣሉ።

ጠያቂዋ አንቺ መሆን የለብሽም። አንቺን ሲያዩ "ይህንንማ ታውቂው የለ" ብለው ያልፉታል፤ ካለፉት ደግሞ ቅጂው ላይ የለም። የ13 ወይም የ14 ዓመት የልጅ ልጅ ካለ እሱን አስቀምጪው። ቦይለር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ ከሥሩ ጀምረው ማስረዳት ግድ ይላቸዋል። የልጅነት ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ከሆነ ደግሞ የልጅነቱን ክፍል ቋንቋውን የሚችል የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ይጠይቃቸው። ለወንድሞችሽ እንዲገባ ተብሎ በአማርኛ እንዲያወሩት ማስገደድ ታሪኩን በግማሽ መቁረጥ ነው። ትርጉሙ በኋላ ይሠራል።

አሁን ወደ ክፍሉ። የአዳማ ነፋስ ቀልድ አይደለም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምረጪ፤ ነፋሱም ሙቀቱም ገና አልበረታም፣ አባትሽም ቁርስ በልተው መድኃኒት ካላቸው ወስደው ዕረፍት ላይ ናቸው። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ድምፅ ማጉያ ሊያስቸግርሽ ይችላል። ፀሐይ ሲበረታ የቆርቆሮ ጣሪያ እየሞቀ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ጆሯችን ለምዶት አንሰማውም፣ ስልኩ ግን ይሰማዋል። ሳሎኑን ተዪው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ያስመስላቸዋል። መኝታ ቤት ይግቡ፤ ፍራሹ፣ መጋረጃው፣ የተሰቀለው ልብስ ድምፅ ይውጣል። ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አድርጊ። ፍሪጁ ከግድግዳው ወዲያ ከሆነ ለዚያች ሰዓት ንቀይው፤ የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪ፣ አለበለዚያ መልሰሽ መሰካቱን ረስተሽ ሥጋው ይበላሻል። ቬንትሌተርም ይጥፋ። ይህ ሁሉ ካልተመቸ መኪና ያለው ዘመድ ለምኚ። ጥላ ሥር የቆመ፣ ሞተሩ የጠፋ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና አብዛኛው ቤት የማይሰጠው ጸጥታ አለው። ብቻ በጠዋት ይሁን፤ በአዳማ እኩለ ቀን ዝግ መኪና ውስጥ አዛውንት አይቀመጥም።

ቡናውስ ካልሽ፣ ቡናው ይኑር፤ ግን ቆሎው ሲቆላ፣ ዘነዘናው ሲወቅጥ፣ ስኒው ሲንቃጨል ቀረጻ አይሆንም። አቦሉ ሳሎን ይጠጣና ጨዋታው ሲሟሟቅ ስኒያቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ ይግቡ። ቶናው እዚያ ይድረሳቸው።

ስልክሽ ይበቃል ያልነው እንዲህ ስትይዢው ነው። የአብዛኛው ስልክ ዋና ማይክ ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት በኩል ያለችው ትንሿ ቀዳዳ ናት። መጀመሪያ ከቨሩን አውልቂና ቀዳዳዋ በአቧራ አለመደፈኗን እዪ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ፤ ጣት ሲያርፍ፣ ስኒ ሲቀመጥ፣ ሁሉም በእንጨቱ በኩል ገብቶ መዶሻ ይመስላል። ወንበር ላይ የታጠፈ ጋቢ አድርጊና በላዩ ላይ፣ ቀዳዳዋን ወደ አባትሽ አዙረሽ፣ ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ አስተኚው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ነው። ያ የፋሲካው ቅጂ የራቀ የመሰለው ምናልባት ስልኩ ከሶፋው ማዶ ስለነበረ ነው። ስክሪኑን አጥፊው ወይም ስልኩን ገልብጪው። የሚቆጥር ሰዓትና የሚዘል መስመር ፊታቸው ካለ ዓይናቸው እዚያው ይቀራል።

ሁለት ቅንብር አለ። አንደኛው ኤርፕሌን ሞድ፤ ስልክ ተደውሎ የተቋረጠብሽ እሱን ስላላበራሽ ነው። ሁለተኛው ባትሪ ቆጣቢ፤ እሱን አጥፊው። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ መቅጃውን "ሥራ ፈቶ ተቀምጧል" ብለው ይዘጉታል፣ አንቺም 40 ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይቀዳ ትቀመጫለሽ። ስለዚህ በዋዜማው ስክሪኑን አጥፍተሽ ለአንድ ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ቅጂና እስከ መጨረሻው መቅዳቱን አረጋግጪ። ጥራቱን በተመለከተ መቅጃሽ ዌቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው) የሚል ምርጫ ካለው እሱን፣ ከሌለው ኤምፎርኤ (M4A፣ የሚጨምቀው) በ128 ኪሎቢት ወይም ከዚያ በላይ ያዥ። ዌቭ በአንድ ቻናል (ሞኖ) በሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፣ በ128 የተቀዳው ኤምፎርኤ 60 እንኳ አይሞላም። ቴሌግራም ላይ ቮይስ እየላኩ መቅዳት ግን ይቅር፤ ድምፁን በጣም ይጨምቀዋል።

በዕለቱም ከመጀመርሽ በፊት "ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?" ብለሽ ለአንድ ደቂቃ ቅጂና በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። ይህችን ደቂቃ የዘለለ ሰው በኋላ ያለቅሳል።

ማይክ ካልገዛሁ የምትዪ ከሆነ ደረት ላይ የሚሰካው ባለገመዱ ይሻልሻል። ስልክሽ የጆሮ ማዳመጫ ክብ ቀዳዳ ከሌለው ለታይፕ ሲ የሚሆነውን ለይተሽ ጠይቂ። ገበያ ላይ የሞሉት ርካሽ ገመድ አልባዎች አብዛኞቹ ጫጫታ እናጠፋለን ብለው ዝቅ ያለውን ድምፅ አብረው ይቆርጣሉ፤ አዛውንት ደግሞ ዋናውን ነገር የሚናገሩት ዝቅ ብለው ነው። ማይኩን ኮት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገሽ ስኪው፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ ከሆነ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይፈገፈጋል።

ቪዲዮ? ወንድሞችሽ የአባታችሁን ፊት ማየት እንደሚፈልጉ ይገባናል። በመጨረሻው ሳምንት አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ያዢላቸው። ከዚያ በፊት ግን ይቅር፤ አባትሽ ካሜራ ሲያዩ ቀጥ ብለው እንደሚቀመጡ አይተሻል።

ጥያቄው ላይ እንቆይ፣ ሁሉ ነገር እዚህ ነው። "ሕይወት እንዴት ነበር?" ብሎ የጠየቀ "ደህና ነበር" ይሰማል። ትንሽ፣ የሚዳሰስ ነገር ጠይቂ። አባትሽ መካኒክ ከነበሩ ክረምት ለእነሱ የዕረፍት ጊዜ አልነበረም፤ ስኳር ፋብሪካ ዝናቡ ሲገባ መፍጨቱን አቁሞ ማሽኑ የሚፈታውና የሚጠገነው ያኔ ነው። ስለዚህ "ክረምት ላይ ሲፈታ የእርስዎ ድርሻ የትኛው ክፍል ነበር? መጀመሪያ የሚፈታው ምኑ ነው?" ብላችሁ ጀምሩ። እጃቸው የሚያውቀውን ስለሆነ አፋቸው ይፈታል። ከዚያ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንዳደረጉበት፣ የሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ምግብ ማን እንደሚያመጣላቸው፣ ሸንኮራው ሲቃጠል ጥቀርሻው የማንን የተሰጣ ልብስ ያጠቁር እንደነበር። ፋብሪካውን በ1946 ሥራ ያስጀመረው ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ የተወረሰው በ1967 ነው። አባትሽ በ1959 ከገቡ ስምንት ዓመት ያህል በሆላንዶች ሥር ሠርተዋል ማለት ነው፤ "አለቃዎ በምን ቋንቋ ነበር የሚያዝዎት? ሲቆጣስ?" ይባሉ። ውሃውንም አትርሺ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የወንጂ ሰፈሮች ልጆች ጥርስ መበለዝም ከዚያ ነው፤ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠይቂና ወሬው ራሱ ይሄዳል።

ዓመተ ምሕረት ላይ አትከራከሩ። "በስንት ዓመተ ምሕረት?" የሚለው ጥያቄ ሰውን ፈተና ላይ ያስቀምጣል። "ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው በኋላ? ታላቃችን ተወልዶ ነበር?" ብትሉ መልሱ ቶሎ ይመጣል፣ የበለጠም ይታመናል። ቀኑን አንቺ በኋላ ታሰዪዋለሽ።

እጃቸውን ዘርግተው "ይህን ያህል ነበር" ሲሉ ድምፅ አያይም፤ ጠያቂው "አንድ ክንድ ያህል?" ይበል። "እዚያ ጋ" ሲሉ "ከመናኸሪያው በየት በኩል?" ይበል። ፎቶ ይዛችሁ ከሆነ "ከግራ ሁለተኛው ባለ ባርኔጣው ማነው?" ብሎ በቃል መናገር ያስፈልጋል።

አንድ የእኛው አገር ችግር አለ። ስንሰማ ዝም አንልም። "እህ"፣ "እሺ"፣ ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የምንስብባት "አዎ" ሁሉ ቅጂው ላይ በየቃሉ መሃል ትገባለች። ዝም ካሉ ደግሞ ለሽማግሌ እንደ ንቀት ይቆጠራል። መፍትሔው ቀድሞ መንገር ነው፦ "አባባ፣ ድምፅዎ እንዲጠራ ዝም ብዬ በራሴ ንቅናቄ ነው የምሰማዎት" ይባሉ። ዓይን ከዓይናቸው ሳይነቀል ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ሲያቆሙም ወዲያው ሌላ ጥያቄ አይወርወር። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ጆሯቸው የሚደክም ከሆነ ጠያቂው በደህናው በኩል ይቀመጥ።

እናትሽ ከጓዳ የሚያርሙት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አንድ ሰው እየታረመ አይተርክም። የእናትሽ ታሪክ የባለቤታቸው ታሪክ ማረሚያ ብቻ ሆኖ መቅረቱም ሌላው ጉዳት ነው። ለብቻቸው ሦስት ሳምንት ስጪያቸው፤ ባል የሌሊት ተረኛ ሲሆን ቤቱን ማን ይይዝ ነበር፣ ዕቁቡ በስንት ብር ተጀመረ፣ የትኛው ልጅ በማን እጅ ተወለደ። በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጪና ይከራከሩ። "አይደለም"፣ "ነው" ሲባባሉ የምትቀጂው ከሁሉም የሚጣፍጠው ሊሆን ይችላል።

በመሃል "ይህ ቤት ለእገሌ ነው፣ ያ መሬት ለእገሊት" የሚል ነገር ከመጣ ቀስ ብለሽ ወደ ሌላ ጉዳይ ውሰጂው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀው ኑዛዜ ሦስት ዓይነት ነው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ። እያንዳንዱ የራሱ ፎርም አለው፤ ስልክ ላይ የቀረ ድምፅ እነሱን አይተካም፣ ወንድማማች ለማጣላት ግን ይበቃል። ለእሱ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።

አሁን ስለ አጎትሽ። ጠይቂ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይደለም፣ በልጅ ልጅም አይደለም፣ ስልኩም ተከፍቶ አይደለም። መቅጃው ሳይኖር፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ "ስለ ጋሼ እንዲቀመጥልን የሚፈልጉት ነገር አለ? ከሌለ አላነሳውም" በያቸው። እንቢ ካሉ በቃ፣ አትመለሺበት። እሺ ካሉ ስለ አወጣጡ ሳይሆን ስለ ሰውየው ጀምሪ፦ ልጅ እያሉ ምን ያጣላቸው ነበር፣ ምን ዘፈን ይወድ ነበር፣ ማንን ይመስላል። በዚያ ዘመን አስከሬኑ ሳይገኝ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡለት የቀረ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቸኩለሽ ወደ "እንዴት ሞተ" አትሂጂ።

ካለቀሱ "በቃ በቃ፣ አይዞዎት፣ ይተውት" እያልሽ አታጣድፊያቸው። ልማዳችን ነው፤ ግን ለራሳችን ጭንቀት እንጂ ለእሳቸው አይደለም። ውሃ አቀብያቸውና "እናቁም?" በይ፣ እሳቸው ይወስኑ። ሲያበቃም ተነስተሽ አትውጪ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ምሳው አሥር ደቂቃ ተጫወቱ፣ የዚያን ዕለት ማታም ብቻቸውን አይደሩ። ማን እንዳሳሰረ፣ ማን እንደጠቆመ ስም ከጠሩ ያ ክፍል ለብቻው በሌላ ፋይል ይቀመጥ፤ ለማንም አይላክ። የተጠራው ሰው ልጆች ጎረቤቶቻችሁ ሊሆኑ ይችላሉ።

አቀማመጡ ላይ አጭር እንሁን። በየቀረጻው መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለቱን ስም በድምፅ ተናገሩ። ፋይሉን በዚያው ቀን "2018-09-03 ዓም አባባ 01 ክረምት ጥገና" በሚል ዓይነት ሰይሚው፤ ዓመቱ ከፊት ከሆነ በተርታ ይደረደራል። "ዓም" የምትለዋን አትዝለያት፤ ስልኩ ራሱ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከ20 ዓመት በኋላ ያንቺን 2018 ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ የሚያነበው አይጠፋም። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፦ አንዱ ስልክሽ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከአዳማ ውጭ፣ ወንድምሽ ዘንድ። ጎግል ድራይቭ በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ዌቭ ሆኖ እንኳ ከ40 ሰዓት በላይ ይይዛል፣ ግን ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት ሊሰረዝ ይችላል። በቴሌግራም ስትልኪ "ፋይል" ብለሽ ላኪ፤ ማጓጓዣ ነው እንጂ ግምጃ ቤት አይደለም። ፍላሽ ከገዛሽ 512 ጊጋባይት ተብሎ ውስጡ 16 የሆነ ሐሰተኛ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ሞልተሽ ገልብጪበትና ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍተሽ ስሚ፣ ያኔ ይለይለታል።

ሙሉውን ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ ብለሽ አትጀምሪ። የአንድ ሰዓት ንግግር በእጅ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፣ ሁለተኛው ላይ ትሰለቺያለሽ። በየአምስት ደቂቃው አንድ መስመር ይበቃል፦ "15፦ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ጫማ መግዛቱ"። የሰዎችና የቦታ ስሞችን ግን በዚያው ሳምንት አባትሽን እየጠየቅሽ በትክክል ጻፊ፤ እሱን በኋላ የሚያርምልሽ የለም።

ለቲክቶኩ ወንድምሽ፦ ውሳኔው የእሱም ያንቺም አይደለም። አባትሽ የተናገሩትን መልሰው ይስሙትና ከአራቱ አንዱን በራሳቸው ድምፅ እዚያው ቅጂው ላይ ይበሉ፦ ለልጆቼ ብቻ፣ ለዘመድ ሁሉ፣ ለማንም፣ ወይም ከሞትኩ በኋላ። "ለማንም" ቢሉ እንኳ ስማቸው የተነሳ ሌሎች ሰዎች አልፈቀዱምና እነሱ ያሉበት ክፍል አይውጣ። ደብቆ መቅዳትም "ካወቁ አይናገሩም" በሚል ሰበብ የሚደረግ ነው፤ አታድርጊው። አንድ ጊዜ ካወቁብሽ ቡና ላይም መጫወት ያቆማሉ።